የሁለት ንጉሥ ለቅሶ

የተሸነፍኩት ሰኞ ነው፣ የሙቀቱ ሳይረን ጮኾ ከተማው በሩን ከዘጋ በኋላ። በሚያዝያ ድሬዳዋ ውስጥ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ደጅ የሚታይ ሰው የለም። ሁሉም ቤቱ ገብቶ፣ መጋረጃውን ውሃ ነክሮ ይሰቅልና ስክሪኑ ፊት ይቀመጣል። እኔም ጸጉር ቤቴን ዘግቼ እንደማንኛውም ሰው ተቀምጬ ነበር። በፖከር ውድድሩ ከተወዳዳሪው ሁሉ የቀረነው ሁለት ነን፤ እኔና ስሙ ሳይሆን ቁጥሩ ብቻ የሚታየኝ አንድ ሰው። አሸናፊው የሚያገኘው ከከተማው በላይ፣ ደጋው ደንገጎ አፋፍ ላይ ያለ ባለሁለት ክፍል ቤት ነው። ደንገጎ ነፋስ አለ።

በእጄ ሁለት ንጉሥ ነበረኝ። ፖከር የማያውቅ ሰው ዛሬ የት ይገኛል እንጂ፣ ላስረዳው ብል እንዲህ እለዋለሁ፤ ከሁለት አስ በቀር ከዚህ የሚበልጥ አጀማመር የለም። ሰውዬው ድንገት ያለውን ሁሉ መሐል ላይ ገፋ። እኔም ዓይኔን ሳላሽ ተቀበልኩት። ካርታው ሲገለጥ የያዘው ሰባትና ሁለት ነው። ሰባትና ሁለት! ሕፃናት እንኳ ይህን ካርታ ካገኙ ወዲያው ነው የሚጥሉት። ከስምንት ጊዜ ሰባቱን የማሸንፈው እኔ መሆኔን ስክሪኑ ራሱ ጥግ ላይ ጻፈው። ከዚያ የጋራ ካርታዎቹ መውረድ ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዷ ሰባት ሆና ወጣች፤ አልደነገጥኩም። አራተኛዋ ምንም አልነበረችም። አምስተኛዋ፣ የመጨረሻዋ፣ ሌላ ሰባት ሆና መጣች። ሦስት ሰባት ሁለት ንጉሥን ያሸንፋል። በቃ፣ አለቀ።

አባቴ ከጎን ባለው ክፍል ሲሚንቶው ላይ እርጥብ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ልቡ ደክሟል። ግንቦትንና ሰኔን እዚህ ታች ካሳለፈ ዘንድሮን አያልፍም ብሎ ሐኪሙ ፊት ለፊት ነግሮታል።

«ምን ሆነ?» አለኝ።

«ተሸነፍኩ።»

«ምን ተሳሳትሽ?»

«ምንም አልተሳሳትኩም።»

«እንግዲያ እንዴት ተሸነፍሽ?»

ይቺን ጥያቄ ቀን ከሌት የማይጠየቅ ሰው በዚህ ከተማ የለም፣ መልሱም አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው።

አባቴ ዕጣ ሲጠብቅ ካረጀው ትውልድ ነው። በወጣትነቱ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ፣ ዕጣ በወጣ ቁጥር ስሙን ሲፈልግ ሸበተ። ያ ትውልድ ሁሉ አንድ ነገር ይል ነበር፤ ዕጣው ተጭበርብሯል። እውነት ይሁን ሐሰት እኔ አልነበርኩም፣ አልመሰክርም። ከዚያ ሙቀቱ ባሰ፣ ደንገጎ ላይ ቤት ተሠራ፣ ቤቱም ለሰው አልበቃ አለ። የደጋ ቤቶች ቢሮ የሚባለው መሥሪያ ቤት ከድሮው ስህተት ተምሮ ነበር። እኛ ዕጣ አናወጣም፣ እናንተው ተጫወቱበት አለ። ዕጣ ያልወጣለት ሰው ዕጣውን ያወጣውን ይረግማል። በጨዋታ የተሸነፈ ሰው ግን የሚረግመው ራሱን ነው፤ ቢሮውም የፈለገው ይህንኑ ነው።

ይሄም እንዳይረሳ ቃል ተበጀለት። ያሸነፈ ሰው ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት ስክሪኑ ፊት ቆሞ «ያሸነፍኩት በራሴ ችሎታ ነው» ይላል። የተሸነፈ ደግሞ እስከ ዓርብ ቀትር «የተሸነፍኩት በራሴ ጥፋት ነው» ማለት አለበት። ቃሉን ያለ ሰው በሚቀጥለው ወር እንደገና ይጫወታል። ያላለ ሦስት ዓመት ይታገዳል። እኔ ይህን ቃል ካልኩ ግንቦት መግቢያ ላይ ሌላ ዕድል አለኝ፣ አባቴም ምናልባት ይተርፋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ሰው ሁሉ ብሏታል፣ ማንም በዚህ አልሞተም ይላሉ።

ማታውኑ አጽናኟ መጣች። መጣች ስል ድምጿ ነው፣ ከእጄ አምባር ውስጥ። አምባሩን ሁላችንም አስረናል። ስንረጋጋ ነጭ ነው፣ ስንናደድ ቀይ። ቀይ ሆኖ የከረመ ሰው ለጨዋታ ብቁ አይደለም ተብሎ ይሰረዛል። እናም ተሸናፊ ሁሉ አጽናኝ ይመደብለታል።

«ወይዘሮ ብዙአየሁ፣ እንደምን አመሹ? ዛሬ የገጠመዎትን ሰምቻለሁ» አለች።

ድሬ ተወልጄ ድሬ ነው ያደግሁት። እኛ ሽማግሌውንም ሹሙንም አንተ ነው የምንለው፣ ንቀት አይደለም፣ ልማዳችን ነው። ዕድሜ ልኬን እርስዎ ብሎ የጠራኝ ይህ አምባር ብቻ ነው። በጠራኝ ቁጥር ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።

«ምን አጠፋሁ?» አልኳት።

«ይህን እርስዎ ራስዎን ቢጠይቁ ይሻላል።»

«ጠየቅኩ። ምንም አላጠፋሁም። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እኔም እንደ እርስዎ እጫወት ነበር» አለች።

«እንግዲያ?»

«አሸናፊ ሰው መንገድ አያጣም፣ ወይዘሮ ብዙአየሁ። እባክዎ ይረጋጉ፣ አምባርዎ እየቀላ ነው።»

ማክሰኞ ሥራ ገባሁ። ጸጉር ቤት ሳይረኑ እስኪጮህ ነው የሚሠራው፣ ደንበኞቼ ማለዳ ጎህ ሳይቀድ ይሰለፋሉ። መስታወት ፊት የተቀመጠች ሴት ብዙ ታወራለች፤ የእኔዎቹ ግን ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚያወሩት የተሸነፉበትን ጥፋታቸውን ነው። አንዷ ያን ቀን ቀይ ቀሚስ ባልለብስ ትላለች። አንዷ ባሌን ከክፍሉ ባስወጣው ኖሮ ትላለች። አሰገደች የምትባል ጎረቤቴ አምባሯን በየእሑዱ ጠበል ትነክረዋለች፣ ከእሷ ፎቅ ሥር የምትኖረው ደግሞ በዘምዘም ታጥበዋለች፣ ሁለቱም ግን አሁንም እዚሁ ሙቀቱ ውስጥ ናቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ካርታውን መናገር የፈራ ሰው ቀሚሱን ይወቅሳል። አንገታቸውን ደፍተው ሲያወሩ ጸጉራቸውን ለመሥራት ይመቸኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አናደደኝ። ቀና በይ እያልኩ አገጫቸውን ስገፋ አረፈድኩ።

ረቡዕ ማታ አባቴ ጠራኝ። ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ከንፈሩ ደርቋል።

«አልሽ?» አለኝ።

«አላልኩም።»

«ምን ትጠብቂያለሽ? ቃል ናት እኮ! በያትና እንገላገል።»

«አባ፣ አላጠፋሁም።»

«ማን አጠፋሽ አለ? በይ ነው ያልኩሽ፣ እመኚ አላልኩም። እኔ ስንት ቢሮ ስንት ነገር ብዬ ነው የኖርኩት መሰለሽ?» ሳል ያዘው፣ ጠበቅኩት። «ስሚኝ ብዙዬ። ጀግና አይደለሁም። መሞት አልፈልግም። ይህን የሚል ሽማግሌ ሰምተሽ ላታውቂ ትችያለሽ፣ እኔ ግን አልፈልግም።»

አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ስክሪኑ ፊት ቆምኩ። አጽናኟ በደስታ ድምፅ ተቀበለችኝ፣ ቃሉን አንድ ጊዜ አሰማችኝ፣ ይቀጥሉ አለችኝ። «የተሸነፍኩት በራሴ» ብዬ ቆምኩ። ከኋላዬ አባቴ «በይ እንጂ!» ይላል። አፌ አልታዘዝ አለ። ኩራት አይደለም፣ እኔ ለአባቴ ስል የምዋሸው ውሸት ሞልቷል። ግን ይህን ካልኩ በኋላ በሚቀጥለው ወር ሁለት ንጉሥ ቢመጣልኝ ምን ላደርግ ነው? ጥፋት ነው ብዬ ያመንኩትን ነገር እንዴት እደግመዋለሁ? ትክክሉን ፈርቼ ስህተቱን እጫወታለሁ። ደንበኞቼ የሚሸነፉት በዚህ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ መጀመሪያ ዕድል ይጥላቸዋል፣ ከዚያ ቃሉ እንዳይነሱ ያደርጋቸዋል።

«ለአንተ ስል ነው የማልለው» አልኩት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እውነቱን ነው፣ አልለቅም።

ሐሙስ ማለዳ ዘሀራ ጋ ሄድኩ። ዘሀራ የሰፈራችን አፎሻ ሊቀመንበር ናት፤ አፎሻ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ የሬሳ መኪናው ሁሉ በእሷ እጅ ነው። ግቢዋ ውስጥ ወንበር ስታስቆጥር አገኘኋት።

«ድንኳን እፈልጋለሁ» አልኳት።

የያዘችውን ጣለች። «ኢና ሊላህ! አባትሽ?»

«አባቴ ደህና ነው።»

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«ሁለት ንጉሥ።»

መጀመሪያ ሳቀች። ሰፈር የሚሰማው ዓይነት ሳቅ ነበር። ከዚያ ፊቴን አየችና መሳቋን ትታ ተቆጣች። «አቦ አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም! ድንኳን ለካርታ? ነገ ደግሞ ለጠፋ ዶሮ ትከዪልኝ ትይኛለሽ። ደግሞ ታውቂያለሽ፣ በዚህ አገር ከቢሮው እጅ የተረፈ አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። የሐዘን ድንኳን አይነካም፣ ሦስት ቀን አይነቀልም፣ ለቀስተኛ ከየትም አይባረርም። በዚህ ቀለድሽ ማለት...»

«አልቀለድኩም። ሰኞ አንድም ነገር ሳላጠፋ የአባቴን ሕይወት ተነጠቅኩ። አጠፋሁ በይ ይሉኛል። ይህ ሐዘን ካልሆነ ሐዘን ምንድን ነው?»

ዘሀራ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ባሏ ኢድሪስ የዛሬ ሁለት ዓመት በሰኔ ነው ያረፈው፣ በሙቀቱ። ድንኳኑን ራሷ ስታስተክል ሰፈር አይቷታል፤ እንባ አልወጣትም ተብሎም ታምታለች።

«ሦስት አስ ነበረኝ» አለች በመጨረሻ። «ሦስት አስ ይዤ፣ ዋላሂ፣ በመጨረሻዋ ካርታ ነው የተበላሁት። ግንቦት ላይ ነበር። ማታውኑ ቃሉን አልኩ፣ ሁሉም ስለሚል። ኢድሪስ ሲሞት ለቀስተኛው ሰብር ይስጥሽ ሲለኝ በልቤ የምለውን ታውቂያለሽ? በራሴ ጥፋት ነው የሞተው እላለሁ። ስነሳ እላለሁ፣ ስተኛ እላለሁ። ሰው ለገደለው ሰው ያለቅሳል እንዴ? እንዴት አለቅሳለሁ?»

አምባሯ ቀይ ሆኖ ነበር፣ እሷ ግን አላየችውም። ወዲያው ብድግ ብላ የድንኳኑን ቁልፍ ከአንገቷ አወለቀች።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ድንኳኑ ደጃፋችን ላይ ቆመ። የሰፈሩ ሰው ድንኳን ሲያይ እግሩ አይጠይቅም፣ ይመጣል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ እያለቀሱ ደረሱ። ገብተው ያዩት አባቴን ነው፣ ፊት ለፊት ወንበር ላይ፣ ተኮሳትሮ።

«ውይ! አንተን ብዬ እኮ ነው ያለቀስኩት!» አለች አሰገደች።

«አለሁ አቦ! አሳፍሬሽ ከሆነ ልሙትልሽ?» አላት አባቴ። ከሰኞ ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ተነስቼ ምን እንደሞተብኝ ነገርኳቸው። ካርታዬን፣ የሰውዬውን ካርታ፣ የመጨረሻዋን ሰባት። አንዳንዱ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ በሐዘን አይቀለድም ብሎ ወጥቶ ሄደ። የቀሩት ተቀመጡ፤ ድንኳን ገብቶ ሳይቀመጡ መውጣት ነውር ነው። ዘሀራ ተነስታ ሦስቱን አሶች አወራች። ከእሷ በኋላ አንድ ዳቦ ጋጋሪ የራሱን አወራ። ከዚያ ሌላዋ። ለዓመታት አንገታቸውን ደፍተው መስታወቴ ፊት ሲያንሾካሹኩ የኖሩ ሴቶች፣ ያን ቀን ቀና ብለው «ይህን ይዤ ነበር፣ ይህ መጣብኝ፣ ምን አጠፋሁ?» ይላሉ። ለቀስተኛውም በአንድ ድምፅ «ምንም!» ይላል። አሰገደች በሰፈሩ ሙሾ አውራጅ ናት፣ ተነስታ ደረቷን እየደቃች ገጠመች፦

ሁለት ንጉሥ ቆመው ደጅ ሲጠባበቁ፣
ባንዲት ሰባት ቁጥር ሳይዋጉ ወደቁ።
አጥፍታለች ካለ፣ ያየ ሰው ይናገር፣
እኛም ተረተናል ሳናጠፋ ነገር።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ዘሀራ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፣ የሁለት ዓመቱን በአንድ ላይ። ኢድሪስ እያለች ጮኸች፣ መሬት ተቀመጠች፣ ማንም አልያዛትም።

አምባሮቹ ቀሉ። ድንኳኑ በሙሉ ቀይ ሆነ። ወዲያውም አጽናኞቹ ከየሰዉ እጅ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። «እባክዎ ይረጋጉ፣ ወይዘሮ አሰገደች። በረጅሙ ይተንፍሱ፣ አቶ ገዛኸኝ። ሁሉም ያልፋል፣ ወይዘሮ ዘሀራ።» ሃምሳ ትሁት ድምፅ በአንድ ድንኳን ውስጥ። ማንም አላጠፋቸውም፣ ማንም አልሰማቸውም። እንዲያውም አንድ ልጅ እግር ሰውዬ «እናንተም ቁጭ በሉና አልቅሱ» አላቸው።

አንድ የማናውቀው ሰው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፣ ከገንደ ቆሬ ሰፈር በእግሩ መጥቶ ላብ አጥምቆታል። በሩ ላይ ቆሞ የማን ለቅሶ እንደሆነ ሳይሆን የሁለቱ ንጉሥ ባለቤት ማን እንደሆነች ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«ረድዋን እባላለሁ» አለ። «ሰባትና ሁለት ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

አባቴ ወንበሩን ጨብጦ ሊነሳ ሞከረ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሊመታው መሰለኝ። ለቅሶ የመጣ ሰው ግን ጠላትም ቢሆን ይቀመጣል፤ ዘሀራ ፊቷን ጠርጋ ወንበር ሰጠችው። አልተቀመጠም።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። «ለቅሶ መኖሩን የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ከደንገጎ ወርጄ ጫት ተራ ነው፣ ወዲያው መጣሁ። አንድ ነገር ልንገርሽና ከፈለግሽ ትሰድቢኛለሽ። ሰኞ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር በርጫ ላይ፣ ጫት እየቃምኩ ነበር የምጫወተው። ወደ መጨረሻው ምርቃናዬ አለቀ። ራሴን አመመኝ፣ ዓይኔ ተጨፈነ፣ ስክሪኑን ማየት አስጠላኝ። ተሸንፌ ወጥቼ ልተኛ ብዬ ነው ሁሉንም የገፋሁት። ካርታዬን እንኳ በደንብ አላየሁትም። ስነቃ የደንገጎ ቤት ባለቤት ነህ አሉኝ።»

አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ አልደብቅም፣ ሆዴ እስኪያመኝ። አራት ቀን ሙሉ ምን ሊቅ ነው የበለጠኝ ስል ከርሜ፣ ለካ ሰውዬው እንቅልፉ ነው የመጣበት!

ረድዋን አልሳቀም። «ማግሥቱን በራሴ ችሎታ ነው በል አሉኝ፣ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ያ ቤት ውስጥ ነፋሱ ይነፍሳል፣ እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም። ስለዚህ በሰው ፊት ልናገር።» አምባሩን ወደ አፉ አቀረበ። «ያሸነፍኩት በስህተት ነው። እሷ ትክክል ነበረች። ችሎታ የሚባል አልነበረኝም።»

አምባሩ ያኔውኑ መለሰለት፣ እንደ ሁልጊዜው በትሕትና። ቃልዎን ስላጠፉ ቁልፍዎ ተዘግቷል፣ ቤቱም እስኪጣራ ድረስ ባዶ ይቆያል አለው። ረድዋን አምባሩን አይቶ ትከሻውን ሰበቀ። ያን ጊዜ ተነስቼ አቀፍኩት። የአባቴን ቤት በእንቅልፍ የወሰደብኝን ሰው አቀፍኩት፣ ለምን ብትሉኝ ከሰኞ ወዲህ እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሳይረኑ ጮኸ። ወደ ቤቱ የሄደ ሰው የለም። የድንኳኑ ሸራ መጋል ጀመረ፣ አባቴ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ዘሀራ አየችው። ከዚያ እኔን አየች።

«ድንኳን የሚተከለው የት ነው?» አለች ጮክ ብላ።

«ሟች ደጃፍ» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ሁለቱ ንጉሥ የሞቱት ለየትኛው ቤት ነው?»

መልስ አላስፈለጋትም። ወንዶቹ ካስማውን መንቀል ጀምረው ነበር።

አባቴን ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አንስተን የሬሳ መኪናው ላይ ጫንነው። እኔ የምቀመጥበት ከተማ ውስጥ በቁሙ በሬሳ መኪና የሄደ ሰው አላየሁም፣ እሱ ግን ምንም አላለም፣ እንዲያውም መስኮቱን ክፈቱልኝ አለ። የቀረው ለቀስተኛ በተገኘው መኪና ተከተለ። ወደ ደንገጎ የሚወስደውን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወጣ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ከላያችን ላይ ተነሳ። ከደንገጎ በር ስንደርስ ቀትር ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቁልፍ የሌለው ሰው የሚመለስበት መዝጊያ እንጨት ወርዷል፣ አንድ ጥበቃ ከጎጆው ወጣ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም» አለው አባቴ ከሬሳ መኪናው ውስጥ። «እንዳይሞት ነው የመጣነው።»

ጥበቃው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዘሀራ ወርዳ ፊቱ ቆመች፣ ሸራውን ተሸክማ።

«ለቅሶ ነው። አሳልፈን።»

«ሬሳ የሌለው ለቅሶ አለ እንዴ?»

«ሕጉ ሐዘን ይላል እንጂ ሬሳ አይልም። ካለ አንብበህ አሳየኝ።»

ጥበቃው ሕጉን ሲፈልግ አምባሬ ጮኸ። «ወይዘሮ ብዙአየሁ፣ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ነን። ስለ አባትዎ ሲሉ ቃሉን ይበሉ። ግንቦት መግቢያ ላይ ቦታዎን ይዤልዎታለሁ።»

አባቴን አየሁት። መስኮቱ ላይ አገጩን አስደግፎ፣ የደንገጎን ነፋስ በአፉ እየሳበ ያየኛል። በይ አላለኝም፣ አትበይም አላለኝም። ፈርቼ ነበር፤ ይህን ልናገር። የሚነፍሰው ነፋስ ለአንድ ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ የእገዳው ሦስት ዓመት ግን እውነተኛ ነው። እጄን አነሳሁ።

«ሁለት ንጉሥ ነበረኝ» አልኩ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማ። «ከስምንቱ ሰባቱ የእኔ ነበሩ፣ ስምንተኛዋ ደረሰችኝ። አላጠፋሁም። ነገም ሁለት ንጉሥ ብትሰጡኝ ያለኝን ሁሉ እገፋለሁ፣ ከነገ ወዲያም። ጻፊው።»

ቀትር ሆነ። አጽናኟ ስለ ተሳትፎዬ አመስግና፣ መልካም ቀን ተመኝታልኝ፣ ዝም አለች። የአምባሩ መብራት ጠፋ፣ ነጭም ቀይም አይደለም። አባቴ ጭንቅላቱን ነቀነቀና «የእናትሽ ልጅ» አለኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና አልጠየቅኩትም።

ጥበቃው ሕጉን አንብቦ ጨረሰ። ሬሳ የሚል ቃል አላገኘም መሰለኝ፣ እንጨቱን አነሳው። ረድዋን እየመራን የተዘጋው ቤት ደጃፍ ደረስን። ነፋሱ ሸራውን እየነጠቀ ሲያስቸግር አራት ሰው ያዘው፣ አባቴን ገና ድንኳኑ ሳይቆም ጥላ ሥር አስቀመጥነው፣ ወዲያው አንቀላፋ። አተነፋፈሱን ቆሜ አዳመጥኩ። ቀስ ያለ፣ ረጅም ነበር።

ጥበቃው ተከትሎን መጥቶ ነበር፤ ለአለቆቹ የሚያቀርበው መልስ ይፈልጋል።

«እሺ፣ ሦስት ቀን አልነካችሁም» አላት ዘሀራን። «ሦስት ቀን ሲሞላስ? ያኔ ትነቅሉታላችሁ አይደል?»

ዘሀራ ገመዱን እየወጠረች ሳትዞር መለሰችለት።

«ውድድራችሁ በየሁለት ቀኑ ነው። ያን ሁሉ ሰው አሰልፋችሁ ቤት የምትሰጡት ለአንዱ ብቻ ነው። ሦስቱ ቀን ሳይሞላ ሌላ ተሸናፊ ይመጣል፣ እኛ ለቅሶ አናጣም ወንድሜ። በል ያቺን ካስማ አቀብለኝ።»